ዓይን የሌለው እንስሳ

2016 ዓ.ም. ነበር፤ ዕድሜዬ ሰባ አንድ። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ጽሑፌ ቢንሻፈፍ እንግዲህ ታገሡኝ። በወስፌ ግን ማንም አይቀድመኝም። ሰበታ ውስጥ አርባ ዓመት የጋሪ ፈረስ ዕቃ ሠርቻለሁ፤ ልጓም፣ የደረት ማሰሪያ፣ ኮርቻም አልፎ አልፎ። ሱሉልታ ድረስ እየሄድኩ ፈረስ ለክቻለሁ። የዚያ አገር ገበሬ በኦሮምኛው «ኦቦ፣ አካም ቡልቴ»፣ ማለትም ጌታው እንዴት አደርክ፣ ይለኝና ፈረሱን ያቆምልኛል፤ እኔ አፉን፣ ግንባሩን፣ ደረቱን በስንዝር እለካለሁ። ባጃጅ መጥቶ ጋሪውን ከመንገድ እስኪያስወጣው ድረስ እንጀራዬ ይኸው ነበር።

ግቢዬ ውስጥ አንድ ክፍል የተከራየች መምህርት አለች። ከደቡብ የመጣች፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ከተወለደች ጀምሮ ዓይኗ የማያይ። የምታስተምረውም ዓይነ ስውር ልጆችን ነው። ለእነሱ ብላ ተረት ጻፈች፤ የትም ስለሌለ አገር፣ እዚያ ስለሚኖር የትም ስለሌለ እንስሳ። ቡራዩ ያለ አንድ ማተሚያ ቤት በብሬል፣ ማለትም በጣት በሚነበበው ጉብ ጉብ ባለው ጽሕፈት፣ ሊያትምላት ተስማማ። የእንስሳውን ሥዕል ሐሙስ ጠዋት ካላመጣሽ ግን መጽሐፉ ያለ ሥዕል ይወጣል ብለዋታል።

ሥዕል አልጠፋም። አንድ ሠዓሊ ስሎላታል። እኔም አይቼዋለሁ፤ ክንፍ ያለው፣ የሚያስፈራ፣ የሚያምር አውሬ ነው። ያየው ሁሉ «ወይ ማማሩ!» ይላታል። ረቡዕ ከሰዓት በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ ያንን ወረቀት በጣቷ ስትዳስሰው አየኋት። ከላይ እስከ ታች ዳሰሰችው፤ ከታች እስከ ላይ ደገመችው።

«አባባ፣» አለችኝ፣ «ልጆቼ ይሄን ሲይዙ ምን ያገኛሉ? ወረቀት። እኔስ ብሆን? የራሴን እንስሳ እስከ ዛሬ ነክቼው አላውቅም።»

አንጀቴን በላችኝ። እኔ የልጓም ልክ ሳወጣ ወፍራም ወረቀት የበግ ቆዳ ላይ አነጥፍና መስመሩን በወስፌ ነጥብ በነጥብ እወጋዋለሁ። ከጀርባው ጉብ ጉብ ይላል። አርባ ዓመት ሙሉ ያንን ጉብታ ከቁም ነገር ቆጥሬው አላውቅም።

«ንገሪኝ፤ እኔ እስለዋለሁ» አልኳት።

ባለቤቴ ከጓዳ ሰምታ፣ «ዶሮ እንኳ ስሎ የማያውቅ ሰውዬ አውሬ ሊስል ነው!» አለች።

«ቁመቱ ምን ያህላል?» ስል ጀመርኩ።

«ጀርባው ትከሻዬ ጋ ይደርሳል።»

«መልኩስ? ዳማ ነው ቡላ?»

«መልክ የለውም።»

«እንዴት መልክ የለውም?»

«ማን ሊያየው፣ አባባ?»

ከዚያ መጠየቁን ትቼ ሰማሁ። ሲመጣ ድምፅ አይሰማም አለችኝ፤ ከእግርዎ ሥር መሬቱ ነው የሚነግርዎት። ሆዱ አሁን ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ይሞቃል። ጅራት የለውም፤ ዝንብ ሲያርፍበት ቆዳው ራሱ ይንዘፈዘፋል። የግራ ጆሮው ትልቅ ነው፣ እስከ አንገቱ ሥር ይወርዳል፤ የቀኙ ትንሽ። ሰውን የሚያዳምጠው በግራው ነው።

ፊቱን ወደ ሰው አዙሬ ወጋሁት። ገልብጬ ሰጠኋት። ከአፍንጫው ጀመረች፣ ትንሽ ወደ ላይ ወጣችና ቆመች።

«እነዚህ ሁለቱ ምንድን ናቸው?»

«ዓይኖቹ ናቸዋ።»

«ዓይን አለው አልኩዎት?»

«ሳትዪኝ ነው ያደረግኩለት። ዓይን የሌለው እንስሳ ገደል ይገባል!»

«እኔ ስንት ጊዜ ገባሁ?»

ባለቤቴ ከጓዳ ሳቀች። እኔ ግን ግትር ነኝ፤ ስሸነፍ ጩኸት እጨምራለሁ።

«አንቺ በትር አለሽ! እሱ በምን አውቆ ሊረግጥ ነው?»

«አፉ ዙሪያ ረጃጅም ፀጉር አለው። ከእግሩ ቀድሞ መሬቱን የሚነካው እሱ ነው።»

ወስፌው እጄ ላይ ቀረ። ፈረስ እኮ አፉ ሥር ያለውን አያይም። ጭድ ውስጥ ገብስ ሲፈልግ በዓይኑ አይደለም፤ ከንፈሩ ላይ ባሉት ረጃጅም ፀጉሮች ነው። ጠጠሩን ትቶ ገብሱን ያነሣል። ልጓም ስለካ ያ ፀጉር ስንቴ መዳፌን ኮርኩሮኛል፤ ለምን እንደተፈጠረ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

«ፈረስ ነክተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ጋሪ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። ፈረሱን ግን ማን ያስነካኛል? ይራገጣል ይሉኛል።»

ይቺ ልጅ ከጭንቅላቷ ፈጥራ ያወጣችው እግዜር ፈረስ ላይ ያደረገውን ነው፤ አርባ ዓመት ፈረስ ያገላበጥኩት እኔ ያላየሁትን።

ሌላ ወረቀት አነጠፍኩ። ዓይን አላደረግኩም። የአፉን ፀጉር አንድ በአንድ ወጋሁ። ሰጠኋት፤ ዳሰሰች፣ ከዚያ በሳቅ ፈረሰች።

«ትልቁ ጆሮ በቀኙ ሆነ እኮ! እኛ ብሬል ስንጽፍ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የምንወጋው፤ ሲገለበጥ ይቃናል። ይሄንን አንደኛ ክፍል ነው የማስተምረው።»

«በሰባ አንድ ዓመቴ አንደኛ ክፍል ገባሁ በያ።»

ሦስተኛውን ግራና ቀኙን አቀያይሬ ወጋሁት። ዓይኔ አልታዘዝልህ አለኝ፤ የቱ ግራ የቱ ቀኝ እንደሆነ በየመሃሉ እሷን እየጠየቅኩ ሠራሁ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አለቀ።

ከአፉ ፀጉር ጀመረች። በግንባሩ ወጣች፣ በግራ ጆሮው ቀስ ብላ ወረደች፣ አንገቱ ሥር ስትደርስ ትንፋሿን ያዘች።

«መጣ፣» አለች፣ እንዳይበረግግ እንደሚፈሩለት እንስሳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እሱ ነው።»

ባለቤቴ ወጥታ አየችና፣ «ነጭ ወረቀት ነው እኮ! ነጥብ ብቻ!» አለች። እኔም በዚያ ብርሃን ብዙም አይታየኝም። የደደረ ጣቴን ከልጅቱ ጣት አጠገብ አሳረፍኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቆዳው ሊንዘፈዘፍ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

በማግሥቱ ጠዋት አብሬያት ቡራዩ ሄድኩ። ጉብታው ከተጫኑት ይሰምጣል፤ ስለዚህ ታክሲ ውስጥ ወረቀቱን በመካከላችን ባለው ወንበር ላይ ዘርግቼ አስቀመጥኩት። ረዳቱ፣ «አባት፣ ዕቃውን ጭንዎት ላይ ያድርጉት፤ ሰው ይቀመጥበት» አለኝ። «ተይዟል» አልኩትና የሦስት ሰው ከፈልኩ።