ዳገት ሲወጣ የሚያፏጨው ቴፕ

አሁንም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል። ሲቀላ መናኸሪያ በር ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሞላበት፣ አንድ የሚኒባስ ሹፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ! ያ የገጠሙልኝ ቴፕ እኮ እንደ ወባ ትንኝ ያፏጫል!» ብሎ ጮኸብኝ። ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ። በእኔ ተሳቀ።

ማን እንደሆንኩ ለማያውቅ ልንገር። ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ ሰባተኛ ክፍል ነው። ኤሌክትሪክ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተበላሸ ሬዲዮ እየፈታሁ፣ እየነዘረኝ፣ ራሴን አስተማርኩ። ዛሬ ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ዳገቱን ወጥተው ላይኛው ሴቻ ከሚመላለሱት ሚኒባሶች እጄ ያልነካው ጥቂት ነው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ልጆች መጽሐፋቸው ላይ የሌለ ነገር ሲገጥማቸው ወደ ሱቄ ይመጣሉ። ጉራ አይደለም፤ ከተማው ያውቀዋል። ያለኝ ሀብት ስሜ ነው፤ ሹፌሩም የነካው እሱን ነው።

«ከእኔ በኋላ ማን ነካው?» አልኩት ወደ መስኮቱ ተጠግቼ።

«ማንም።»

«አትዋሽ!»

«እሺ፣ ሴቻ ያለው ኢንጂነር አይቶታል። ድምፅ ማጥሪያ ፊልትሮ አስገባበት፣ አልሆነም። ቴፑ ሞቷል፣ የድሮ ሰው ሥራ ነው፣ ከነሽቦው ይነቀል አለኝ። ነገ ጠዋት ቀጥሮኛል።»

የድሮ ሰው ሥራ! የእኔ ሥራ ተነቅሎ ሴቻ ኢንጂነሩ ደጃፍ ላይ ሊጣል ነው ማለት ነው፤ ያለፈ ያገደመ ሊያየው።

«መቼ ነው የሚብሰው?»

«ዳገቱ ላይ። ቤንዚን ስረግጥ ድምፁ አብሮ ይቀጥናል። የማሳፍራቸው ተማሪዎች አጥፋው እያሉ ጆሮዬን በሉት።»

ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚቀጥን ድምፅ ባትሪ ከሚሞላው ዲናሞ የሚመጣ ነው። ቴፕ ሲሞት ዝም ይላል እንጂ አያፏጭም። ይህን ለማወቅ ዲግሪ ያስፈልጋል?

ተሳፋሪውን አድርሶ ሲመለስ መኪናውን ሱቄ በር ላይ አስቆምኩት። ኢንጂነሩንም ደውለህ ጥራው አልኩት፤ በፊቱ ካልሠራሁት ንዴቴ አይበርድም። መጣ። ንፁህ ሸሚዝ የለበሰ፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም የሚል ልጅ ነው። ትሕትናው ራሱ አናደደኝ።

ሞተሩን አስነሳሁ። የቴፑን ድምፅ እስከ መጨረሻው ቀነስኩ፤ ፉጨቱ ያው ነው። የአንቴናውን ገመድ ነቀልኩ፤ ያው ነው። ስለዚህ በአየር አልመጣም፣ በሽቦ ነው የገባው። ከባትሪው ኔጋቲቭ ረጅም ሽቦ ጎትቼ በመስኮት አስገባሁና የቴፑን ቆርቆሮ ነካሁበት። ፉጨቱ ቀጥ አለ። ሳነሳው ተመለሰ። ስነካው ጠፋ። ኢንጂነሩን እያየሁ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት።

«ማሳው ነው» አለ ቀስ ብሎ። ማሳ የምንለው ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበትን ሽቦ ነው። እሱ ሲላላ የዲናሞው ጩኸት በእስፒከር በኩል ይወጣል።

«ፊልትሮ ከመግዛትህ በፊት ነበር ይህን ማወቅ!»

የማሳውን ሽቦ ከቴፑ ጀምሮ እየዳበስኩ ተከተልኩት፤ ከሹፌሩ ወንበር ሥር ገባ። ምንጣፉን ስገልጥ ውሃ አቁሯል። እነዚህ ሹፌሮች በየማለዳው መኪናውን ኩልፎ ወንዝ አውርደው ውስጡን ሳይቀር በባልዲ ያጥቡታል፤ ውሃው ከላስቲክ ምንጣፉ ሥር ይተኛል። ሽቦው የታሰረበት ብሎን በዝገት አብጧል።

«ወለል ላይ ማሳ የሚያስር ማን ደንቆሮ ነው?» ብዬ ጮህኩ። «ያውም ኩልፎ በሚታጠብ መኪና! የሴቻ ሥራ ነው፣ አይደል?»

ብሎኑን ፈትቼ ሽቦውን አወጣሁ። እኔ ሽቦ ከመበየዴ በፊት ጫፉን ሁለት ጊዜ አጥፈዋለሁ። በዚህ ከተማ ሌላ ማንም እንዲህ አያደርግም፤ ጊዜ ይፈጃል ይላሉ። የያዝኩት ሽቦ ጫፉ ሁለቴ ታጥፏል።

የእኔው ሥራ ነው። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ደረቅ ብረት እያለ፣ ያኔ ቸኩዬ ይሁን ሰንፌ፣ የቀረበኝን ብሎን ይዣለሁ። ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ግን ደንቆሮ ብዬ የጮህኩት መንገደኛው ሁሉ እየሰማ ነው፤ ስድቡ ባለቤት ያስፈልገዋል።

ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለውን ብረት ነጭ እስኪሆን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ የዛገውን የሽቦ ጫፍ ቆርጬ ጥዬ ማሳውን እዚያ አሰርኩ፤ ግሪስ ቀባሁት። ሹፌሩ ቤንዚን ረገጠ። ዘፈኑ ብቻ ተሰማ።

«ስሙኝ!» አልኩ። «ወለሉ ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሹፌሩ ሳቀ። «ይተዉ ጋሼ! ልጁ እንዳያፍር ብለው ነው።»

«እኔ ነኝ አልኩህ!»

«እርስዎማ እንዲህ አይሠሩም» አለና እየዘፈነ ሄደ። ስሜን እንዲህ አግዝፌው ኖሮ፣ እውነት ስናገር እንኳ የሚያምነኝ ጠፋ!

ኢንጂነሩ ግን አልሳቀም። ቆርጬ የጣልኩትን የሽቦ ጫፍ አንስቶ አገላብጦ አየው። «ሌሎቹ መኪኖችስ ጋሼ?» አለኝ። «ሌሎቹንም ወለል ላይ ነው ያሰሯቸው?»

ከቀኑ ንግግር ሁሉ ያቃጠለኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሌሎቹን የት እንዳሰርኳቸው አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ካቻቢቴዬን ይዤ ሚኒባሶቹ ተራ የሚጠብቁበት ሄድኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

«ምንጣፉን አንሳ!» አልኩት ባለተራውን ሹፌር።

«ምነው ጋሼ? የእኔ ቴፕ እኮ አያፏጭም።»

«ሊያፏጭ ነው። አንሳ አልኩህ!»