ካሜራውን አውጥተን የከፈትንበት ቀን

ቢቸና በሐኪምነት ሥራ የጀመርኩበት ቀን ዝናባማ ነበር እያልኩ ለዓመታት ተናግሬያለሁ። ባለቤቴ ግን ወሩ ጥር እንደነበር ታስታውሰኛለች፤ ጥር ደግሞ የደረቅ ወር ነው። ስለዚህ ዝናቡን ልተወውና ስለ ብረቱ ልጻፍ፤ እሱን አልጠራጠርም።

የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር አድማሱ የትምህርት ማስረጃዬን ሳያዩ እጄን እንድታጠብ አዘዙኝ። ከዚያም የታካሚውን የቀኝ ጎድን ወደ ላይ የሚስበውን ብረት አስያዙኝ። በዚያን ጊዜ እኛ ዘንድ የሐሞት ከረጢት የሚወጣው ሆድ በሰፊው ተከፍቶ ነበር።

"ደከመህ እንዴ?" አሉኝ።

"አልደከመኝም፣ ዶክተር።"

"ብረቱ እየተንቀጠቀጠ ነው እኮ። እኔ የማምነው እሱን ነው።"

ከዓመታት በኋላ በቀዶ ሕክምና ስፔሻላይዝ አድርጌ ሞጣ ሆስፒታል ተመደብኩ። ቆይቶ በትንሽ ቀዳዳ ሆድ ውስጥ ገብቶ ውስጡን በቴሌቪዥን የሚያሳየው ካሜራ መጣልን። በትንንሽ ቀዳዳዎች የሠራንላቸው ታካሚዎች በማግስቱ ወደ ግንደወይን መኪና ይሳፈሩ ጀመር። ደስ አለን። ማንም በቃል ባይናገረውም፣ በካሜራ ጀምሮ ወደ መክፈት መመለስ በመካከላችን እንደ ሽንፈት ይቆጠር ጀመር።

ወይዘሮ ዘሐራ ሞጣ ውስጥ ጨርቅ ይነግዳሉ፤ የሐሞት ጠጠር ይዟቸው ወደ እኛ መጡ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ታናሽ ወንድማቸው አቶ ሰይድ አልጋው አጠገብ አስቆሙኝ።

"ጎረቤታችንን ከፍተው፣ የሚደረግ ነገር የለም ብለው ዘጉት። ብዙም ሳይቆይ ቀበርነው። እህቴን አትክፈቷት።"

"በቀዳዳ እንጀምራለን። በደንብ ካልታየን ግን እንከፍታለን።"

"ካልታያችሁ? ታዲያ ያ ቴሌቪዥን ለምን ተገዛ?"

ወይዘሮ ዘሐራ ጣልቃ ገቡ። "ሰይድ፣ የሚቀደደው ያንተ ሆድ ነው? ዶክተር፣ የሚሻለውን አድርጉ።"

ካሜራውን ስናስገባ ከረጢቱ አብጦ፣ ከጉበቱና ከአንጀቱ ጋር ተጣብቆ አገኘነው። ቀስ በቀስ እያላቀቅን ወደ ከረጢቱ አንገት ስንቃረብ አንድ ቱቦ ታየ። አስሮ መቁረጥ ብቻ የቀረ መሰለኝ።

"ይኼ የትኛው ነው?" አለች መሣሪያ የምታቀብለኝ ሲስተር የሺ።

"የከረጢቱ ቱቦ ይመስለኛል።"

"ይመስለኛል?" አለ ማደንዘዣ የሚሰጠው ሙሉቀን ከራስጌ።

ከጉበት ወደ አንጀት የሚወርደውን ዋናውን የሐሞት ቱቦ ብቆርጥ፣ እኛ ዘንድ የሚጠግነው ሰው አልነበረም። ወይዘሮ ዘሐራ ሐሞት ሆዳቸው ውስጥ እየፈሰሰ በአምቡላንስ ሩቅ መንገድ ሊጓዙ ነበር። በሕይወት መድረሳቸውም ያጠራጥር ነበር።

ከዚያ አንድ ሰው "እንክፈት" አለ። እኔ እንደሆንኩ አስታውሳለሁ። የሺ እኔ ነኝ ትላለች። ሙሉቀን ደግሞ ሁለታችንም ዝም ስላልን እሱ እንደተናገረ ይምላል። ሦስታችንም እዚያው ነበርን፤ እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ካሜራውን አውጥተን ከቀኝ ጎድናቸው በታች ከፈትኩ። ቱቦውን በጣቴ እየዳበስኩ ተከተልኩት። ከጉበት ወርዶ ወደ አንጀት ቀጠለ። ዋናው ነበር፤ እብጠቱ ከቦታው ስቦ ወደ ከረጢቱ አስጠግቶት ኖሯል። የከረጢቱ አጭር ቱቦ ከኋላው ተደብቆ ነበር። እሱን አስረን ቆረጥን፤ ከረጢቱንም አወጣን።

ሙሉቀን በረጅሙ ተነፈሰ። "አሁንስ ይመስለኛል የሚል አለ?" አለ። የሺ ከጭምብሏ ሥር ሳቀች።

ለአቶ ሰይድ ለመንገር ራሴ ወጣሁ።

"ከፈትናቸው" አልኩ።

አግዳሚው ላይ ዘጭ አሉ። "የሚደረግ ነገር የለም ብላችሁ ዘጋችሁ?"

"ኧረ የለም። ከረጢቱ ወጥቷል። ደህና ናቸው፤ እየነቁ ነው።"

ጠጠሮቹን በብልቃጥ ሰጠኋቸው። ወደ መስኮቱ አዙረው አዩአቸው።

"እኔ እኮ አመመኝ ስትል ሱቅ መክፈት ሰልችቷት ነው እያልኩ ስቀልድባት ነበር" አሉ። እየሳቁ ዓይናቸውን በእጃቸው ጠረጉ።

ወይዘሮ ዘሐራ ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ቀን ተኙ። ሾርባችንን አጥብቀው ነቀፉ። ከዚያም በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። የምትቆርጡት ምን እንደሆነ በእርግጠኝነት ካላወቃችሁ ክፈቱ። መጀመሪያ "እንክፈት" ያለው ማን እንደሆነ ለታካሚው ለውጥ የለውም።