ጭንቅላቱን የማያወልቀው ወፍ

ለዱር እንስሳት የሥዕል ኤግዚቢሽን መንገደኛ የሚጠሩት ሠራተኞች የእንስሳ ልብስ ለብሰው ነው። ፀሐዩ ሲከር በአንዲት ባለሱቅ ደጅ ጥላ ሥር ይሰባሰባሉ። ቀበሮው ጭንቅላቱን አውልቆ ለስላሳውን ይጨልጣል፤ ኤሊዋም የጀርባዋን ድንጋይ አራግፋ እፎይ ትላለች። ወፉ ብቻ አያወልቅም። ውሃውን በምንቃሩ ቀዳዳ በስትሮ ይስባል፤ ከክንፉ ሥር የሚወጣው እጅ የሽማግሌ ነው።

አንድ ቀን የባለሱቋ አንጀት አልቻለም። «ኧረ አባቴ፣ ሙቀቱ ይፈጅዎታል! ያውልቁት እንጂ።»

«የቀበሮውና የኤሊዋ ዘመዶች ገና ዱር ውስጥ አሉ፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው ከውስጥ። «የእኔዋን ወፍ ግን ዱርም ውስጥ ካየኋት ስንት ዘመኔ! ይሄን ካወለቅኩት ምኗ ይቀራል?»

ሲመሽ ሌሎቹ ልብሳቸውን አጣጥፈው ይሄዳሉ። እሳቸው ግን ክንፋቸውን እየጎተቱ በየዛፉ ሥር ይቆማሉ፤ እንደ ወፏ ያፏጩና መልስ ይጠብቃሉ።

ባለሱቋም ቁልፏን እንደያዘች አብራቸው ታዳምጣለች።