ሰኞ እመለሳለሁ

ባለፈው ሳምንት የመሥሪያ ቤታችንን የኢሜይል ማጣሪያ ሳሻሽል ኮምፒውተሩ «ነባሮቹ ደንቦች በአዲሶቹ ይተኩ?» ብሎ ጠየቀኝ። እጄ ቀጥ አለ። በወጣትነቴ ወልድያ ስሠራ የነበረው ሶፍትዌር ይህን እንኳ አይጠይቅም ነበር።

ያኔ ከኮሌጅ ወጥቼ አንድ የልማት ፕሮጀክት ውስጥ በኮምፒውተር ባለሙያነት የተቀጠርኩ ሰሞን ነው። ክረምቱ ሊወጣ ትንሽ ቀርቶታል፤ ባጃጆቹ እስከ ጣሪያቸው ጭቃ ለብሰዋል። ከእኔ በፊት የነበረው ታደሰ ወደ ደሴ ተዛውሯል። አይፈለጌ መልእክት የሚያጣራው ሶፍትዌር ስላረጀ አዲሱን ጫንኩ። ታደሰ በእጁ የጻፋቸው ደንቦች፣ ይህን አሳልፍ ያንን አግድ የሚሉት፣ በአዲሱ ተውጠው ቀሩ። እኔ አልታወቀኝም። ሎተሪ ደረሰህ የሚሉት መልእክቶች ስለቀነሱ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ የሒሳብ ሹሙ ጋሽ አሰፋ በሬን ከፍተው ገቡ። ፈገግ አሉ።

«ወርቅነሽ መለሰችልኝ» አሉኝ።

ወርቅነሽ ሚስታቸው ናት። እዚያው ቢሮ ጸሐፊ ነበረች። እኔ ከመቀጠሬ በፊት መርሳ ከተማ ያለች አራስ እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ ስትመለስ መኪናው ተገልብጦ ሞታለች።

ተከትያቸው ሄጄ ስክሪናቸውን አየሁ። ከስሟ በታች «መርሳ ነኝ። ሰኞ እመለሳለሁ» ይላል። የዚያኑ ዕለት ጠዋት የገባ ነው።

ታደሰ ጋ ደወልኩ።

«ደንቡን አጠፋኸው እንዴ?» አለኝ ደንግጦ። ወርቅነሽ ከመሄዷ በፊት ለሚጽፍላት ሁሉ በራሱ የሚመልስ መልእክት አዘጋጅታ ነበር። ከሞተች በኋላ የኢሜይል ሳጥኗን የዘጋው የለም። ታደሰ መልሱ ለማንም እንዳይደርስ አግዶት ኖሯል።

«መልሱ የሚሄደው ለጻፈ ሰው ነው» አልኩት። «ለሞተች ሴት ማን ይጽፋል?»

«ጋሽ አሰፋ ናቸዋ! በየቀኑ። ያኔ እንደሞተች ሰሞን መልሱ ሲደርሳቸው መናኸሪያ ሄደው ሲጠብቋት ዋሉ።»

ሰኞ ጋሽ አሰፋ ሥራ አልገቡም። እየሮጥኩ መናኸሪያ ወረድኩ። ሱፋቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስጠርገው፣ የመርሳ ሚኒባሶች በሚቆሙበት ጥግ ተቀምጠዋል። ያካፋል።

«ጋሽ አሰፋ፣ ማሽኑ ነው እኮ የመለሰልዎ።»

«አውቃለሁ፤ እብድ አይደለሁም» አሉኝ። «ግን እመለሳለሁ ብላ የሚቀበላት ብታጣስ?»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አንድ ሚኒባስ ገባ። ፓፓያ በዘንቢል የያዙ ሰዎች አንድ በአንድ ወረዱ። ከዚያ ረዳቱ አንገቱን ወደ ውስጥ አስግጎ «እትዬ፣ ደርሰናል፣ ይውረዱ እንጂ!» አለ።

ጋሽ አሰፋ ብድግ አሉ። እኔም ሳላውቀው ቆሜያለሁ። የወረደ ግን የለም። ረዳቱ ገብቶ ወንበሮቹን አይቶ ወጣ።

«አንዲት ሴት ኋላ ነበረች እኮ» አለው ሾፌሩን።

«መንገድ ላይ ሲሪንቃ ወርዳ ይሆናላ» አለው ሾፌሩ፣ ብሩን እያጠፈ።

ጋሽ አሰፋ ክፍቱን በር ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ክንዴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ያ መልስ ዳግም እንዳይደርሰኝ አድርግ። ዛሬውኑ።»

ደንቡን መልሼ ጻፍኩት። ከዚያ ወዲያ መልሱ አልደረሳቸውም፤ ስለዚያ ቀንም አንስተው አያውቁም። የሳቸው መልእክት ግን በየጠዋቱ ወደ ወርቅነሽ ሳጥን ሲገባ አይ ነበር። አንዱንም ከፍቼ አላነበብኩም።

እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል። ረዳቱ ተሳስቶ ይሆናል፤ ሴትዮዋም በእርግጥ ሲሪንቃ ወርዳ ይሆናል። ለራሴ የምነግረው እንዲህ ነው። ያም ሆኖ ዛሬም በወልድያ መናኸሪያ ሳልፍ የመርሳ ሚኒባስ ሰው ሲያራግፍ ካገኘሁ፣ በሩ እስኪዘጋ ድረስ እግሬ አይነሳልኝም።