የዘይኑ ተመላሽ

ባለፈው ማክሰኞ የእህቴ ልጅ ሰላም በምሳ ሰዓት ከቢሮዋ ወጥታ እዚህ ጭሮ ያለው ቤቴ ጎራ አለች። ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ "አክስቴ፣ እስቲ የቱ ይሻለኛል?" አለችኝ። ሁለቱም ባንክ የሚያወጣቸው የዱቤ ካርዶች ናቸው። አንዱ ከገዛችበት ከመቶው ሁለት ብር ይመልስላታል፤ ወሩ ሲያልቅ ሙሉውን ካልከፈለች ግን ወለዱ ከባድ ነው። ሌላው ምንም አይመልስም፤ ወለዱ ቀለል ያለ፣ የመክፈያ ጊዜውም ረዘም ያለ ነው።

"የሚመልሰውን ልይዝ ነው" አለች። "የቢሮ ጓደኞቼ ዕቃቸውን በእኔ ካርድ ይገዛሉ፤ ገንዘቡን ለእኔ በእጅ ይሰጡኛል። ተመላሹ የእኔ!" ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ደነገጥኩ ማለት ይሻላል።

ጭሮ ገና አሰበ ተፈሪ ስትባል፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ከትውልድ አገሬ ከደብረ ሲና ተነስቼ፣ ከዚህ ራቅ ብላ በምትገኘው በደሳ በምትባል ትንሽ ከተማ አስተማሪ ሆኜ ተመደብኩ። በደሳን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ በየደጁ ምንጣፍ ላይ የሚደርቀው ቡና ሽታ ነው። አከራዬ ጠዋት ጠዋት የቡና ገለባ በወተት አፍልታ ሆጃ ታጠጣኝ ነበር። መጀመሪያ አፌ አልተቀበለውም፤ በኋላ ግን ካለሱ ቀኑ የጀመረ አይመስለኝም ነበር።

ደሞዝ በወር አንዴ ከአሰበ ተፈሪ እስኪመጣ የምንኖረው በሱቅ ዱቤ ነው። ሐጂ አደም የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ዋጋ አይጨምሩም፣ ተመላሽ አይሰጡም፣ ቀን ቢያልፍም አይቆጡም። ፊት ለፊታቸው ዘይኑ የሚባል ወጣት አዲስ ሱቅ ከፈተ። እሱ ወሩ ሲያልቅ ሒሳቡን ሙሉ በሙሉ ለዘጋ ሰው ከየመቶው ብር የአምስት ብር ዕቃ ይመልሳል። ሳይዘጋ የቀረ ግን ተመላሹን ያጣል፣ የወሰደው ዕቃም ሁሉ ከፍ ባለ ዋጋ ይታሰብበታል። እኔም ከሐጂ ሱቅ ወደ ዘይኑ ተሻገርኩ፤ ለሐጂ አንዲት ቃል እንኳን አልተናገርኩም።

ብልጠቱ የመጣልኝ ከዚያ በኋላ ነው። ሦስት መምህራን ጓደኞቼ የሚገዙትን ሁሉ በእኔ ስም አስጻፍኩ። ደሞዝ ሲደርስ ድርሻቸውን ይሰጡኛል፣ እኔ ጠቅልዬ እከፍላለሁ፣ ተመላሹን እወስዳለሁ። በአራት ወር ውስጥ ስኳር፣ ሳሙና፣ አንዴም ቴርሞስ አገኘሁ። ሰው ሁሉ ያልገባው ነገር ለእኔ ብቻ የገባኝ መስሎኝ ተኩራርቼ ነበር።

ሰኔ ሲገባ የወንድሜ ደብዳቤ ደረሰኝ። የእናቴ ግራ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል፤ አሁን ቀኙም እየደከመ ነው። ሐኪሙ የዓይን ግፊት መሆኑን ነግሯቸው፣ ሐምሌ ሳይጋመስ አዲስ አበባ ሄዳ ካልታከመች የቀረው ብርሃን እንደማይተርፍ አስጠንቅቋል። ከቤታችን ደሞዝ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። የሰኔን ደሞዝ ይዤ እመጣለሁ ብዬ ጻፍኩ።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሦስቱ ጓደኞቼ አስቀድመው ሄዱ። "ደሞዛችንን አሰበ ተፈሪ ተቀብለን በመጀመሪያው መኪና እንልክልሻለን" አሉኝ። እኔ የተማሪ ውጤት ሞልቼ ስጨርስ ደሞዜን በደሳ ተቀበልኩና ዘይኑ ጋ ሄድኩ።

ዘይኑ ክፉ ሰው አልነበረም። "ቲቸር፣ የራስሽን ብቻ ክፈይና ሂጂ፣ የነሱን እጠብቃለሁ" አለኝ። "ግን ተመላሹ ይቀራል፣ ዋጋውም ይለወጣል። ሙሉውን ከዘጋሽ ይኸው፣ ይህን ሻሽ ትወስጃለሽ።" ከድሬዳዋ የመጣ፣ ዳር ዳሩ በክር የተጠለፈ ሻሽ ነበር። እናቴ ራስ ላይ ታየኝ። የጓደኞቼ ገንዘብ በሁለት ቀን ውስጥ መድረሱ አይቀርም ብዬ መታከሚያዋን ቆጥሬ ሰጠሁት። ማንም አላስገደደኝም።

ዝናቡ አላቋርጥ አለ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ። ከአሰበ ተፈሪ የሚመጣውን እያንዳንዱን መኪና ቆሜ ጠበቅሁ። የተላከልኝ ነገር አልነበረም። ሐጂ አደምን ለመለመን ሁለቴ እስከ ደጃፋቸው ሄጄ ተመለስኩ። ትቻቸው ሄጄ አሁን በምን ፊቴ?

ሁለት ሳምንት አልፎ ሐጂ ራሳቸው መንገድ ላይ አስቆሙኝ።

"ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የከሳሽው?"

እያለቀስኩ ነገርኳቸው።

"ወላሂ፣ ያኔውኑ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ሱቅ መቀየር ጠብ ነው እንዴ?"

"አፍሬ ነው፣ ሐጂ። ምን ብዬ ልንገርዎት?"

ከኪሳቸው ገንዘብ አውጥተው ሰጡኝ፤ ስሜን የትም አልጻፉም። በማግስቱ ተነሳሁ፤ በዚያ የጭቃ መንገድ ደብረ ሲና ደርሼ እናቴን አዲስ አበባ ያደረስኳት ግን ሐምሌ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ሐኪሙ ዓይኗን አይቶ ዘግይታችኋል አለን። የጓደኞቼ ገንዘብ መስከረም ላይ ከብዙ ይቅርታ ጋር ደረሰ።

ከሐኪም ቤት ስንወጣ ሻሹን አሰርኩላት። በጣቶቿ ጥልፉን እየዳበሰች፣ "ቀለሙ ምንድን ነው?" አለችኝ። የሻሹን ቋጠሮ አጠበቅሁላት። ትንሽ ጠበቀችኝና፣ "ግድ የለም፣ ለስላሳ ነው" አለች።

ይህን ሁሉ ለሰላም ነገርኳት። የሚመልሰውን ካርድ አትያዢ አላልኳትም፤ ሒሳቧን በየወሩ የምትዘጋ ከሆነ ይጠቅማታል። በስሟ የሌላ ሰው ዕቃ እንዳታስገባ፣ ለተመላሹም ብላ የሚያስፈልጋትን ገንዘብ እንዳትለቅ ብቻ ለመንኳት። ወረቀቶቹን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

"ቀለሙ ምን ነበር?" አለችኝ በመጨረሻ።

"ብርቱካንማ" አልኳት። ለእናቴ እስክትሞት ድረስ አልነገርኳትም።