ያልተጨቃጨቁባት እሁድ

እንግዲህ ጻፊ፣ የኔ ልጅ። እንደምናገረው አድርገሽ ጻፊው፣ አታሳምሪው።

ያኔ አንቺ ገና ትንሽ ነሽ። ሁለት ተማሪዎች እሁድ እሁድ ከከተማው ወዲያኛ ጫፍ ከሮግስቬድ ቱነልባናውን፣ የምድር ውስጡን ባቡር፣ ቀይረው እዚህ ቴንስታ ድረስ እኔ ጋ ይመጡ ነበር፣ እህል ሊቀምሱ። ካገር ቤት ለዩኒቨርሲቲ የመጡ ናቸው፣ አንድ ክፍል ይጋራሉ። አንደኛው ረጅም፣ አንደኛው ቀይ። አገር ቤት ረብሻ የተነሳበት ጊዜ ነው፤ ተማሪው ከግቢ እየወጣ ድንጋይ ይወረውራል፣ ወታደሩ ይተኩሳል። እነሱ ደግሞ እዚህ ምሳዬ ላይ ይጨቃጨቃሉ።

ረጅሙ፣ «ልክ ናቸው! ዝም ብለው ይገዙ እንዴ?» ይላል።

ቀዩ፣ «አንተ እዚህ ማሞቂያ አቅፈህ የሰው ልጅ ታስፈጃለህ። አርፈው ይማሩበት!»

«ፈሪ!»

«ጀግና መጣ! ባለፈው የቱነልባናውን ቲኬት ተቆጣጣሪ አይቶ የሮጠው ማነው?»

እኔም «ኧረ ጆሮዬን! መጀመሪያ ብሉ» እላለሁ። ይሰለቸኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። አገሬም እያለሁ ይሄንኑ ስሰማ ነው ያረጀሁት።

አንድ ቀን ቀዩ ብቻውን መጣ። የረጅሙ ታናሽ ወንድም፣ እዚያው አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የሚማረው፣ በጥይት ሞቷል። አጎትየው ለቀዩ ደውሎ፣ «ፈተናውን ሳይጨርስ እንዳይሰማ። እንደ እናት የሚያያት ሴት ካለች መርዶውን እሷ ትንገረው» ብሎታል።

እኔ ስንቱን መርዶ ተናግሬያለሁ። ደክሞኛል፣ ሌላ ሰው ፈልግ ልለው ነበር። ልጁ ፊቴ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ አልሆነልኝም። «በል እስከዚያ እንደወትሮህ ሁን፤ ሳቅ፣ ተሳደብ» አልኩት።

ፈተናው አልቆ እሁድ ደረሰ። አገር ቤት ቢሆን መርዶ ማለዳ ነው። እዚህ ግን አብረውኝ እንዲያረዱት የለመንኳቸው ሽማግሌዎች አንደኛው ታክሲ ይነዳል፣ ሌላው ሆስፒታል ያጸዳል፤ ከሰዓት በኋላ እንመጣለን አሉ። እኔም እስኪመጡ እህል ይቅመስ አልኩ። ከዚያ ወዲያ ማን ይበላል?

ምስሩን አቀረብኩ። ረጅሙ ፈተናው ቀንቶት ደስ ብሎታል። ወዲያው ጀመረ፤ «ሰማችሁ? አሁንም ወጥተዋል። ይውጡ! ታናሼም ቢሆን አይቀርም፣ አውቀዋለሁ። ደግ ያደርጋል!»

ቀዩ ሳህኑን እያየ፣ «እውነትህን ነው» አለ።

ረጅሙ መጀመሪያ ሳቀ። «ምን ሆነሃል አንተ? ማሞቂያ አቅፈህ በለኛ!»

«አይ... ልክ ነህ።»

ረጅሙ የያዘውን ጉርሻ መለሰው። አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየ። «እማማ፣ ምንድን ነው የደበቃችሁኝ?»

ሽማግሌዎቹ እስኪመጡ ማለት አቃተኝ። «ታናሽህ፣ የኔ ልጅ» አልኩት።

አላለቀሰም። የጓደኛውን ኮሌታ ይዞ ይነቀንቀዋል። «ተከራከረኝ! ተሳስተሃል በለኝ! ይማሩበት በል እንጂ!» ቀዩም ክንዱን ያዘው። ሽማግሌዎቹ በሩን ሲያንኳኩ እንደተያያዙ ነበሩ።

ከዚያም በኋላ ሁለቱም ይመጡ ነበር። ስለ ብርዱ ያወራሉ፣ ስለ ባቡሩ መዘግየት ያወራሉ፣ ሳህናቸውን አጥበው ይሄዳሉ። የአገርን ነገር ግን አንስተውት አያውቁም። ያንን ጭቅጭቅ በቃኝ ስል የነበርኩት ሴትዮ፣ ምሳ ባቀረብኩ ቁጥር መቼ ይጀምሩ ይሆን እያልኩ እጠብቅ ነበር።