ጉልበት አምስት ነው

ዛሬ ጠዋት ልጄ ጓሮ የተጠራቀመውን ፍግ በአካፋ ስትገለብጠው እንፋሎት ቡን ብሎ ተነሣ። የጥቅምት ብርድ ነበር፤ ፀሐይዋ ገና አጥሩን አልዘለለችም። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ የሹራቤን እጅጌ ሰብስቤ ቀኝ እጄን እስከ አንጓዬ ድረስ ክምሩ ውስጥ ከተትኩት። ሞቀኝ። «እማዬ፣ ምን ጠፍቶብሽ ነው?» አለችኝ ልጄ ደንግጣ። ቀለበቴ የወደቀ መስሏታል። ሰማንያ ዓመት የተጠጋች ሴት እጇን ፍግ ውስጥ ከትታ ስለ ድሮ ባልደረባዋ እያሰበች ነው ቢባል ማን ያምናል? ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ አገሩ ሆሳዕና። እኔ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላኝ የአራተኛ ሀ አስተማሪ ነበርኩ። አባቴ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ገበያው ዳር ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው። እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ በጨው ጆንያና በላምባ ጣሳ መካከል ስላደግሁ ሀዲይኛ ከደንበኞቹ አፍ ለምጃለሁ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄ ስመለስ አባቴ በግ አርዶ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ አንገቴን ቀና አድርጌ መሄድ ለመድሁ።

ከሁሉ በላይ የምኮራው በሳይንስ ትምህርቴ ነበር። የጉልበት ዓይነቶች የሚለው ምዕራፍ ሲደርስ የአባቴን ሱቅ ግማሹን ተሸክሜ ነበር ክፍል የምገባው። የእጅ ባትሪ አበራለሁ፤ ይህ የኤሌክትሪክ ጉልበት ነው፣ ይህ የብርሃን። ደወል እመታለሁ፣ የድምፅ። ኳስ አንከባልላለሁ፣ የእንቅስቃሴ። ከሻይ ቤት ያስመጣሁትን ትኩስ ማንቆርቆሪያ በፎጣ ይዤ በየዴስኩ አዞራለሁ፣ የሙቀት። ከዚያ ልጆቹ፣ ከሰሌዳው በላይ ወደተሰቀለው የጃንሆይ ፎቶግራፍ ዞረው፣ «ሙቀት፣ ብርሃን፣ ድምፅ፣ እንቅስቃሴ፣ ኤሌክትሪክ» እያሉ ያዜማሉ። ዜማውን ያወጣሁት እኔው ነኝ። አንድ ቀን አንዱን አስነሥቼ ጉልበት ምንድን ነው ብለው፣ ደረቱን ነፍቶ «ጉልበት አምስት ነው» አለኝ። ሳቅሁና ጎበዝ ብዬ አስቀመጥኩት። ዛሬ ሳስበው የሚያስቅ አልነበረም።

ያቺ ባልደረባዬ የመጣችው የዓመቱ አጋማሽ ላይ ነው። ከከተማው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ከሚርቅ ገጠር የመጣች የገበሬ ልጅ ናት፤ ያስተማሯት ሚሲዮኖች ናቸው። ዕድሜዋ ከእኔ እኩል ነው። አራተኛ ለ ተሰጣት። አንዲት ሰማያዊ ቀሚስ ነበረቻት፣ ቅዳሜ ታጥባ ሰኞ የምትለበስ። አማርኛዋ የአገሩ ቃና ነበረው፤ አንዳንዴ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ታደርገዋለች። እኔ መምህራን ክፍል ተቀምጬ ከንፈሬን ነክሼ እስቅባት ነበር።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። የሁለታችንን ክፍል የሚለየው ጭቃ የተመረገ የእንጨት ግድግዳ ነው፤ ጣሪያው ድረስ አይደርስም። በዚያ ክፍተት የሷ ልጆች ሳቅ፣ የሷ ልጆች ክርክር፣ የሷ ልጆች «እኔ፣ እኔ፣ ቲቸር እኔ» እየተንጠባጠበ እኔ ክፍል ይገባል። የእኔዎቹ እጃቸው ደብተር ላይ፣ ጆሯቸው ግድግዳው ላይ ነበር። በዕረፍት ሰዓት ሲነቃነቅ የሰነበተ ጥርሱን የነቀለ ልጅ ጥርሱን በመዳፉ ይዞ የሚሮጠው ወደሷ ነው። ያውም ከእኔ ክፍል የሆነ ልጅ። ሌላው ሰው ለቅናቱ ሌላ ስም ያወጣለታል፤ እኔ ግን ከመጀመሪያውም ስሙን አውቀው ነበር። እንቅልፍ ይነሣኝ ጀመር፣ ምግብ አልበላ አለኝ። እናቴ ወባ መስሏት ኪኒን አስገዛችልኝ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ ጠፋ። በመስኮት ብመለከት ልጆቹን አስወጥታ ከትምህርት ቤቱ አትክልት ቦታ ጀርባ ባለው የፍግ ክምር ዙሪያ አቁማቸዋለች። በዚያ አገር እንሰት ያለ ፍግ አይሆንም፤ ሴቶች በየማለዳው ከበረት እየዛቁ በቅርጫት ወደ ጓሮ ያመላልሱታል። እኔ የሱቅ ልጅ ነኝና አፍንጫዬን ይዤ ነው የማልፈው። እሷ የሰማያዊ ቀሚሷን እጅጌ ሰብስባ እጇን እስከ ክርኗ ከተተች። ልጆቹም አንድ በአንድ ተከተሏት።

ከዲሬክተሩ ቢሮ ጠመኔ እንድታመጣልኝ የላክኋት አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም፤ ስጠይቃት ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች፣ እኔም ደንቆሮ ናት ብዬ ትቻታለሁ። ስትዘገይብኝ ልፈልጋት ወጣሁ። ከነጠመኔው ክምሩ ዘንድ ቆማ አንድ እጇን ከታ አገኘኋት። መምህርቷ በሀዲይኛ እየጠየቀች ነበር፤ እዚህ ውስጥ ማን እሳት አነደደ? ክብሪት የያዘ ሰው አያችሁ? አንዱ የላሟ ሆድ ትኩስ ስለሆነ ነው አለ። ሌላው፣ ከወጣ ሁለት ሳምንቱ አይደል ወይ፣ ለምን አልበረደም ታዲያ ብሎ ያዘው። ላሟ ምን በላች? ሣር። ሣሩስ ምን በልቶ አደገ? ያቺ የእኔ ዝምተኛ ቀና አለችና፣ ሣሩ ፀሐይ በላ፣ ላሟ ሣሩን በላች፣ እንግዲያው እዚህ ውስጥ ያለው ፀሐይ ነው አለች፤ በሀዲይኛ፣ ጥርት ባለ ድምፅ።

መምህርቷ ልጅቷን በፍግ እጇ አቀፈቻት። እኔ ከዛፉ ሥር ቆሜ አየሁ። ቆንጆ ድምፅ ነበራት፣ ትንሽ ጎርነን ያለ። ስምንት ወር አስተምሬያት እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ የተሰማኝን በደንብ መግለጽ አልችልም፤ ልጄ ሌላ ሴትን እማዬ ስትል የሰማሁ ያህል ነው ያመመኝ።

በሳምንቱ ዲሬክተሩ ሰብስበው ነገሩን። ከአዲስ አበባ ኢንስፔክተር ይመጣል፤ ሁለቱን አራተኛ ክፍሎች ያያል፤ ከሁለታችን አንዳችን ለክረምት ኮርስ አዲስ አበባ እንላካለን። ለአባቴ ያን ዕለት ማታ ነገርኩት። እሱም በማግስቱ ለገበያው ሁሉ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው ብሎ አወራ። እንግዲህ ከዚያ በኋላ መቅረት አልችልም።

ዲሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። ከሰሜን የመጡ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ኢንስፔክተር ሲባል የኮታቸውን ቁልፍ የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። ለተማሪዎቹ ስለማስብ ነው ብዬ ጀመርኩ። አራተኛ ለ ክፍል ትምህርቱ የሚሰጠው በአማርኛ ሳይሆን በሀዲይኛ መሆኑን፣ ሕጉ ደግሞ የማይፈቅድ መሆኑን፣ ኢንስፔክተሩ ቢሰማ ለእርሳቸውም እንደማይበጅ አንድ በአንድ አስረዳሁ። ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«እስካሁን አልሰማሁም ነበር። አሁን ግን አሰማሽኝ» አሉ።

እሷ ከመጣች ጀምሮ እየሰሙ እንዳልሰማ ያልፉ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። ቢሮው እኮ ከክፍላችን አሥር እርምጃ አይርቅም።

ኢንስፔክተሩ በላንድሮቨር መጣ፣ ጭቃ የነካው ጫማውን በር ላይ በሣር እየጠረገ። መጀመሪያ የገባው እሷ ዘንድ ነው። ልጆቼን ደብተር አስገልጬ ግድግዳው ሥር ቆምኩ። ዲሬክተሩ ሀዲይኛ ከልክለዋት ነበርና «ሙቀቱ ከየት መጣ?» ብላ በአማርኛ ስትጠይቅ ሰማኋት። መልስ የለም። ደግማ ጠየቀች፣ ቃሉን ለወጠችው። መልስ የለም። ክምሩ ዘንድ እንደዚያ ሲከራከሩ የነበሩ ልጆች መልሱ ሆዳቸው ውስጥ ነበር፤ የሚያወጡበት ቃል ነው ያጡት። ያን ዝምታ ስንት ሌሊት ተመኝቼው ነበር። ሲመጣ ግን እንዳሰብኩት ደስ አላለኝም። ደስ አላለኝም ብልም አልከፋኝም፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ከዚያ እኔ ዘንድ ገባ። ባትሪው በራ፣ ደወሉ ተመታ፣ ልጆቼ አምስቱን አዜሙ። ኢንስፔክተሩ ራሱን ነቀነቀና፣ ጉልበት ግን ምንድን ነው፣ ከየትስ ይመጣል ብሎ ልጆቹን ጠየቀ። አንዱ አምስት ነው ሊል ሲል በዓይኔ ገታሁት። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር ዝምተኛዋ ተነሣች። በመስኮቱ ወደ አትክልት ቦታው እያመለከተች፣ «ፀሐይ ነው» አለች። «ሣሩ ፀሐይ በላ። ላሙ ሣር በላ። እዚያ ውስጥ ፀሐይ አለ፣ ይሞቃል።»

ኢንስፔክተሩ ልጅቷን፣ ቀጥሎም መስኮቱን፣ ቀጥሎም እኔን አየ። «ወይዘሪት፣ ማስተማር ማለት እንዲህ ነው» አለኝ። ከግድግዳው ወዲያ እሷ እንደምትሰማ አውቃለሁ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ እኔ አላስተማርኳትም፣ ጎረቤቴ ናት ያስተማረቻት ማለት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩና ለጥ ብዬ እጅ ነሣሁ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ። ያን ቀን ደምቄ ዋልሁ፣ ያደመቀኝ ግን የሷ ወርቅ ነበር። ልጅቷ ቆማ ታየኝ ነበር። ተቀመጪ አልኳት። ከዚያ ቀን በኋላ እኔ ክፍል ውስጥ እጇን አላወጣችም።

ትምህርት ሊዘጋ ሲል ሁለት ደብዳቤ መጣ። አንዱ የእኔ የክረምት ኮርስ ነው። ሌላው እሷን ወደ ሙዱላ የሚያዛውር። ሙዱላ የጠምባሮ አገር ነው፤ ሀዲይኛ እዚያ አያገለግልም። በሀዲይኛ እንዳታስተምር የበላዮቹ ሆን ብለው እንዳደረጉት አውቃለሁ።

የምትሄድ ዕለት ጠዋት ወደ አባቴ ሱቅ መጣች፣ ለመንገድ ሳሙና ልትገዛ። ያቺኑ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። ከጓዳ ስወጣ እጄን በሁለት እጇ ያዘች።

«ግድግዳው ስስ ነው፤ ያንቺን ሁሉ እሰማ ነበር» አለችኝ። «ልጆችሽ ሲያዜሙ፣ አንቺም እንደዚያ በሚያምር አማርኛ ስታስተምሪ፣ ቀንቼብሽ ነበር። ይህን ይዤ መሄድ አልፈለግሁም። ይቅር በይኝ።»

ያቺ ልጅ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔን! እኔም ብዬ ብጀምር፣ ዲሬክተሩ ቢሮ የገባሁት እኔ ነኝ ብዬ ልጨርሰው ነው። አባቴ ባንኮኒው ኋላ ቆሞ ፈገግ እያለ ያየናል። «ምን ይቅርታ አለው» አልኳት፤ «በሰላም ግቢ።» በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች። «ክምሩን አደራ» አለችኝ፤ «ክረምቱን ከላይ ሣር ጨምሩበት፣ አለዚያ ይቀዘቅዛል።» እሺ አልኳት። ሳጥኗን ተሸክሞ ከሚጠብቃት ወንድሟ ጋር በጭቃው መንገድ ወረደች።

አዲስ አበባ ሄድሁ። ስለ ጉልበት በእንግሊዝኛ ተማርኩ፤ ዝምተኛዋ ልጅ ከነገረችኝ የበለጠ ነገር አላገኘሁበትም። በመስከረም ስመለስ መጀመሪያ የሄድሁት ወደ አትክልት ቦታው ነበር። አደራዋን ለማንም አልተናገርኩም ነበርና ዝናቡ ክምሩን አጥቦት ጠፍጣፋ ሆኗል። ሰው አለመኖሩን አይቼ እጄን ከተትኩ። ጭቃ ነው፤ ቀዝቃዛ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ከሙዱላ የተዛወረ አንድ መምህር ስለሷ ነገረኝ። ዓመት ሳይሞላት የዚያን አገር ቋንቋ ለመደችው አለኝ፤ ልጆቹን ይዛ በየጓሮው ስትዞር ነው የምትውለው አለኝ። ምን እንደተሰማኝ ብነግራችሁ ትታዘቡኛላችሁ። አሁንም ቀናሁ። ላያት ግን አልሄድኩም። ዛሬ ነገ ስል እሷም እንዳረፈች ሰማሁ።

ልጄ አካፋውን ተደግፋ አሁንም ታየኛለች። ምን እንደጠፋብኝ ደግማ ጠየቀችኝ።

«ሣር አምጪና ከላይ ጨምሪበት» አልኳት።

«ለምን?»

«እንዳይቀዘቅዝ።»

ግራ ገብቷት ሣር ልታመጣ ወደ አጥሩ ሄደች። እኔ እጄን ገና አላወጣሁም።